ከትልቅ የካንሰር ኦፐሬሽን በፊትና በኋላ ሳንባን መጠበቅ፦ ለታካሚና ለአስታማሚ ዝርዝር መመሪያ

ጋሼ፣ የእናቴ ታላቅ ወንድም፣ ከአርሲ መጥተው አዲስ አበባ የምግብ ቧንቧ ካንሰር ኦፐሬሽን ሲደረግላቸው እኔ የሁለተኛ ዓመት የነርስነት ተማሪ ነበርኩ። ኦፐሬሽኑ ሰባት ሰዓት ያህል ፈጀ። ሐኪሙ ወጥቶ «ጥሩ ነው፣ አልቋል» ሲለን እናቴ መሬት ሳመች። ከዚያ እንደምናውቀው አስታመምናቸው። ብርድ ልብስ ደረብንላቸው። መስኮት ዘጋን። ሳል ሲመጣባቸው «ይያዙት ጋሼ፣ ስፌቱ ይፈታል» አልናቸው። ሊነሱ ሲሞክሩ «ኧረ ይረፉ!» ብለን አስተኛናቸው። እሳቸውም እሺ ብለው ሦስት ቀን በጀርባቸው ተኙ።

በአራተኛው ቀን ትኩሳት መጣ። ትንፋሻቸው አጠረ፣ ፈጠነ። ማታ ወደ ጽኑ ሕሙማን ክፍል መልሰው አስገቧቸው፤ ዘጠኝ ቀን እዚያ ቆዩ። ሊወስዳቸው የደረሰው ካንሰሩ አልነበረም፣ የሳንባ ምች ነው። እግዚአብሔር ይመስገን፣ ወጡ።

አሁን በቀዶ ሕክምና ክፍል ስሠራ 11 ዓመት ሆኖኛል። እኛ ያደረግነውን የሚያደርግ ቤተሰብ በየሳምንቱ አያለሁ። ሁሉም ከልቡ ነው የሚያስታምመው። የነገረው ሰው ስለሌለ ብቻ ነው። ይህንን የምጽፈውም ለዚያ ነው። ከሁሉ አስቀድሜ አንድ ነገር እንድትይዙልኝ እፈልጋለሁ፦ ሳንባን የማዳን ሥራ የሚጀመረው ከኦፐሬሽኑ በፊት ነው። ከማደንዘዣ የነቃ፣ ቁስሉ የሚያመው፣ መድኃኒት ያፈዘዘው ሰው አዲስ ነገር መማር አይችልም። ቀድሞ የለመደውን ብቻ ነው የሚያደርገው።

የታካሚው ሐኪም ከዚህ የተለየ ካዘዘ የሐኪሙ ትእዛዝ ይቅደም። ሆዱን ያየው እሱ ነው።

ሳንባው ምን ይሆናል?

ማደንዘዣ ሲሰጥ የመተንፈሻ ጡንቻዎች ይላላሉ። ሰውየው በጀርባው ተኝቷል፤ የሆድ ዕቃው ከሳንባ ሥር ያለውን ትልቁን የመተንፈሻ ጡንቻ፣ ድያፍራምን፣ ወደ ላይ ይገፋዋል። ያኔ የሳንባው የታችኛው ክፍል ይጨፈለቅና ጥቃቅኖቹ የአየር ከረጢቶች ይዘጋሉ። እርጥብ ፌስታል አስቡ። አየሩ ሲወጣ ግራና ቀኙ ይጣበቃል። መልሶ ለመክፈት ጠለቅ ያለ ትንፋሽ ይጠይቃል። ይህ ማደንዘዣ በወሰደ ሰው ሁሉ ላይ ለማለት ይቻላል የሚታይ ነገር ነው። ቁስሉ ትንሽ ከሆነና ሰውየው ቶሎ ከተነሳ በራሱ ይከፈታል።

ቁስሉ ከእምብርት በላይ ወይም ደረት ላይ ሲሆን ግን ነገሩ ይከብዳል። በጥልቀት መተንፈስ ያማል። ስለዚህ ታካሚው ከላይ ከላይ ብቻ ይተነፍሳል። ሳል ያማል፤ ስለዚህ ይይዘዋል። ያልወጣው አክታ ከታች ይጠራቀማል። ከአፍ የሚወርድ ጀርም እዚያ የሞቀ፣ እርጥብ፣ አየር የማይደርስበት ቦታ ያገኛል። የሳንባ ምች የሚጀምረው እንዲህ ነው። ብዙውን ጊዜ ከሁለተኛው እስከ አምስተኛው ቀን ባለው ጊዜ ራሱን ያሳያል።

የአርሲና የባሌ ሰው የምግብ ቧንቧ ካንሰርን በደንብ ያውቀዋል። ሰዉ የጉሮሮ ካንሰር የሚለው ነው። በእነዚያ አካባቢዎች ጎልቶ ይታያል። ኦፐሬሽኑ ደግሞ ለሳንባ ከከባዶቹ አንዱ ነው። ብዙ ጊዜ ሆድም ደረትም ይከፈታል። ሐኪሙ ቦታ እንዲያገኝ አንደኛው ሳንባ ሆን ተብሎ አየር እንዳይገባው ይደረጋል። ከዚያ ጨጓራው ወደ ላይ ተስቦ የምግብ ቧንቧውን ቦታ ይይዛል። ከዚህ በታች ያለው ምክር ለጨጓራ፣ ለጉበት፣ ለቆሽት፣ ለአንጀትም ኦፐሬሽን ያገለግላል። ለምግብ ቧንቧ ብቻ የሆነውን ለይቼ እናገራለሁ።

ቀጠሮ ስትጠብቁ

ይህን ጊዜ ዝም ብላችሁ አታሳልፉት። ወረፋው ረዥም መሆኑ ያንገበግባል፤ አውቃለሁ። ግን እያንዳንዷ ሳምንት ለሳንባው የሥራ ሳምንት ልትሆን ትችላለች።

ሲጋራ የሚያጨስ ዛሬውኑ ያቁም። የዓለም ጤና ድርጅት በ2020 እ.ኤ.አ. ያወጣው መረጃ ከኦፐሬሽን 4 ሳምንት ያህል ቀድሞ ያቆመ ሰው ችግር የሚገጥመው ዕድል እንደሚቀንስ ይናገራል። ከ4 ሳምንት በላይ የምትጨመር እያንዳንዷ ሳምንት ደግሞ ውጤቱን በ19 በመቶ ታሻሽላለች። «ቀጠሮዬ ለሳምንት ነው፣ አሁን ባቆም ምን ዋጋ አለው?» የሚለኝ ብዙ ነው። ዋጋ አለው። አንድ ቀን ሳያጨሱ መዋል እንኳ በደም ውስጥ ያለውን ካርቦን ሞኖክሳይድ ያወርዳል፤ ደሙ ኦክስጅን የሚሸከምበት ቦታ ያገኛል። ሺሻም ያው ሲጋራ ነው። በውሃ ውስጥ ማለፉ አያጣራውም። ብቻ «ሲጋራ እስካቆም» ብላችሁ የካንሰር ኦፐሬሽን በራሳችሁ ውሳኔ አታራዝሙ።

ስለ ጭስ ካነሳሁ እናቶቻችንን ማለፍ አልችልም። አንዲትም ሲጋራ ሳያጨሱ የአጫሽ ሳንባ ይዘው ይመጣሉ። ዕድሜ ልኳን ጭስ ቤት እንጀራ ስትጋግር የኖረች ሴት «ታጨሻለሽ?» ተብላ ስትጠየቅ «ኧረ በስመ አብ!» ትላለች። ካርዱ ላይ «አታጨስም» ተብሎ ይጻፋል። በማገዶ ስንት ዓመት እንዳበሰለች ለማደንዘዣ ባለሙያው እናንተ ንገሩት። እስከ ኦፐሬሽኑ ቀን ድረስም ምጣዱን ሌላ ሰው ይያዝላት። ዕጣኑም ለጊዜው ይቅር።

አስም፣ የድሮ ቲቢ፣ ማታ ከባድ ማንኮራፋት፣ ከሁለት ሳምንት ያልበለጠው ጉንፋን፣ የሚወሰድ መድኃኒት በሙሉ፤ ምንም ሳትደብቁ ተናገሩ። የአስም መርጫ ያለው ሰው በኦፐሬሽኑ ቀን ይዞት ይምጣ። ቤት ረስቶ የሚመጣው ቁጥር ስፍር የለውም።

በየቀኑ ይራመድ። 30 ደቂቃ፣ መናገር ይችላል ግን መዝፈን አይችልም በሚባለው ፍጥነት። ደረጃ ካለ ደረጃ መውጣት በጣም ጥሩ ነው። አቅም የሌለው በሦስት የ10 ደቂቃ ዙር ይከፋፍለው። ቁጭ ብሎ መነሳትም እንቅስቃሴ ነው። እጅ ሳይደገፉ ከወንበር 10 ጊዜ መነሳት፣ በቀን ሦስት ዙር።

ምግብ ላይ ጠንከር ማለት አለብኝ። የሚያስለው ጡንቻ ነው፤ ጡንቻ ደግሞ ፕሮቲን ይፈልጋል። ከስቶ የመጣ ሰው ጥሩ ሳል የለውም። እንቁላል፣ ወተት፣ ዓሣ፣ ሥጋ፣ ሽሮ፣ ምስር፣ ያገኛችሁትን ስጡ። ወቅቱ ጾም ከሆነ የንስሐ አባትን አነጋግሩ። እስካሁን ለካንሰር ታካሚ «አይሆንም፣ ጹም» ያለ ቄስ አላጋጠመኝም። የሚከለክለው ታካሚው ራሱ ነው፤ ስለዚህ ከአባትየው አፍ ቢሰማው ይሻላል። ምግብ አልወርድ ያለው የምግብ ቧንቧ ታካሚ ከሆነ በፈሳሽ ወይም በቱቦ የሚሰጥ ምግብ እንዲታዘዝለት ጠይቁ።

ጥርስ! ሳንባ ውስጥ ገብቶ ምች የሚያመጣው ጀርም አብዛኛው ከአፍ ነው የሚወርደው። የሚመግል ድድ ወይም የበሰበሰ ጥርስ ካለ ቀድሞ ይታከም። ጠዋትና ማታ ይቦርሽ፤ መፋቂያም ይሆናል፤ ምላሱም አይረሳ።

የጣት ኦክስጅን መለኪያ ካገኛችሁ ደግሞ ታካሚው ደህና ሆኖ ተቀምጦ ሳለ ንባቡን ጻፉት። አዲስ አበባ ከባሕር ወለል 2,300 ሜትር በላይ ናት። እዚህ የሚኖር ሰው ንባብ ከቆላው ትንሽ ዝቅ ሊል ይችላል። በኋላ «92 ሆኗል፣ ወርዷል ወይስ የራሱ ነው?» የሚል ጥያቄ ሲመጣ ያቺ ቁራጭ ወረቀት መልስ ትሰጣለች። የጥፍር ቀለምና ጥቁር ሂና ንባቡን ስለሚያዛቡ ቀድመው ይልቀቁ።

ሠላሳዋ ደቂቃ

ወደ ዋናው ነገር መጣሁ። በአውስትራሊያና በኒውዚላንድ ሦስት ሆስፒታሎች የተደረገ፣ ውጤቱ በ2018 እ.ኤ.አ. የታተመ ጥናት አለ። ከ400 በላይ የላይኛው ሆድ ኦፐሬሽን የሚጠብቁ ሰዎች ለሁለት ተከፈሉ። አንደኛው ወገን በራሪ ወረቀት ብቻ ተሰጠው። ሌላኛው ወገን ወረቀቱ ላይ ተጨምሮ አንድ ጊዜ ብቻ፣ ለ30 ደቂቃ፣ ከፊዚዮቴራፒስት ጋር ቁጭ ብሎ ሳንባው ምን እንደሚሆን ተነገረው፤ መተንፈስና ማሳል ተለማመደ። ወረቀት ብቻ ከተሰጣቸው ከ100 ሰው 27ቱ የሳንባ ችግር ገጠማቸው። ከተለማመዱት 12ቱ ብቻ። መድኃኒት የለ፣ መሣሪያ የለ።

እኔ ይህንን ሳነብ ጋሼ ናቸው ፊቴ የመጡት። ሠላሳ ደቂቃ ነው የጎደላቸው።

ልምምዱ ይኸው። አሁን አብራችሁኝ ሥሩት፤ አስታማሚም ጭምር። ያልሠራ አያስተምርም።

1. ወንበር ላይ ወይም አልጋ ጫፍ ላይ ቀጥ ብሎ መቀመጥ። ትከሻ ይላላ። አንድ እጅ ከጎድን አጥንት ሥር፣ ሆድ ላይ ይረፍ።

2. በአፍንጫ ቀስ ብሎ አየር መሳብ። የሆዱ እጅ ወደ ውጭ ሊገፋ ይገባል። ትከሻ ብቻ ከተነሳ ከላይ ከላይ ነው የተተነፈሰው፤ ከመጀመሪያው ጀምሩ።

3. ሞላ ሲባል መያዝ። አንድ፣ ሁለት፣ ሦስት። ከቻለ እስከ አምስት። ተጣብቀው የነበሩት ከረጢቶች የሚከፈቱት በዚህች ጊዜ ነው።

4. ቀስ ብሎ በአፍ መልቀቅ። ትኩስ ሻይ እፍ እንደሚሉት፣ ከንፈር አሞጥሙጦ።

5. ይህን 10 ጊዜ። ከዞረበት ማረፍ፤ ከዚያ መቀጠል።

6. ትራስ አምጡ። ጠንከር ያለ፣ ትንሽ። ቁስሉ የሚሆንበት ቦታ ላይ አድርጎ በሁለት እጅ ማቀፍ። አየር ስቦ፣ አፍ ከፍቶ «ሃ!» ማለት፤ መስታወት ላይ እንፋሎት እንደሚረጩት። ሁለት ሦስት ጊዜ። አክታው ወደ ላይ ሲመጣ ትራሱን ጫን አድርጎ አንድ ጠንካራ ሳል። አክታው ይተፋ፤ አይዋጥ።

7. ከ1 እስከ 6 ያለውን አንድ ጊዜ መድገም። ይህ አንድ ዙር ነው።

ከኦፐሬሽኑ በፊት በቀን ሦስት አራት ዙር ይበቃል። ከኦፐሬሽኑ በኋላ ግን ነቅቶ ባለበት ሰዓት ሁሉ፣ በየሰዓቱ አንድ ዙር ነው። በየሰዓቱ! ሞባይላችሁ ላይ አላርም ሙሉ። አንዲት ጡረታ የወጡ መምህርት ትዝ ይሉኛል። ሌሊት ከማደንዘዣ ነቅተው ዓይናቸውን እንኳ በደንብ ሳይገልጡ በእጃቸው አልጋው ላይ መዳበስ ጀመሩ። ልጃቸው «እማዬ፣ ምን ፈለግሽ?» ስትል «ትራሴ» አሉ። ሰጠቻቸው። አቀፉት፤ «ሃ» አሉ። ደካማ «ሃ» ነበረች። ግን ማንም ሳይነግራቸው ነው ያሏት።

«ስፌቱ ቢፈታስ?» ለሚለው ጥያቄ መልስ ልስጥ። ቁስሉ ደረብ ደረብ ተደርጎ በጠንካራ ክር ነው የሚሰፋው፤ ሰው እንደሚያስል ታውቆ። በትራስ ተደግፎ ማሳል ስፌት አይፈታም። ያልወጣ አክታ ግን ምች ያመጣል፤ ምች ደግሞ ለቀናት የማያባራ ሳል ያመጣል።

አየር የሚሳብበትን ባለ ሦስት ኳሱን የትንፋሽ መለማመጃ ያመጣ ሰው ካለ ጥሩ ነው፤ ኳሶቹ ሲነሱ ማየት ያበረታል። ተበድራችሁ ግን አትግዙት፤ በእጅ ሆድ ይዞ መተንፈሱ ያንኑ ሥራ ይሠራል። ደግሞ አብዛኛው ሰው ይነፋበታል። አይነፋም! ቱቦው አፍ ውስጥ ገብቶ አየር ይሳባል። የጎማ ጓንት መንፋትም ሐኪሙ ካላዘዘ ይቅር፤ በተለይ ደረቱ ተከፍቶ ለነበረ ወይም የምግብ ቧንቧው ለተቀጠለ ሰው።

ዋዜማና ጠዋቱ

ሰው ማደንዘዣ ላይ ሳለ ሆዱ ውስጥ ያለው ነገር ወደ ላይ ተመልሶ ሳንባው ውስጥ ሊገባ ይችላል። ጠንካራ ምግብ ቢያንስ ከ6 ሰዓት በፊት፣ ጥርት ያለ ፈሳሽ ከ2 ሰዓት በፊት ይቆማል የሚለው የተለመደው ሕግ ለዚህ ነው። ኦፐሬሽኑ ጠዋት 2 ሰዓት ከሆነ ከሌሊቱ 8 ሰዓት በኋላ ምግብ የለም፤ ከ12 ሰዓት በኋላ ውሃም የለም። ምግብ ቧንቧው የጠበበ ሰው ላይ ምግቡ ቆሞ ስለሚያድር ሐኪሙ ከዚህ የረዘመ ሰዓት ሊያዝ ይችላል።

አንድ የሚያስፈራኝን ልናገር። በኦፐሬሽኑ ማለዳ ታካሚው ጠበል ጠጥቶ ይመጣል። እምነቱ ትልቅ ነው፤ እኔም ጠበል እጠጣለሁ። ነገር ግን ጠበል ለሆድ ውሃ ነው፤ ብዙ የጠጣ ሰው ሆዱ ሙሉ ነው። ከዋዜማው በፊት ይጠጣ፤ ጠዋት ይቀባ፣ ይረጭ። ከጠጣ ደግሞ አትደብቁ። ለማደንዘዣ ባለሙያው ስንት ሰዓት እንደጠጣ ንገሩት። አይቆጣም፤ ቢቆጣም ይቆጣ፤ ሰዓት ያዘዋውራል እንጂ ሰው አይሞትም።

ጥርስ ይቦረሽ። የሚወልቅ ሰው ሠራሽ ጥርስ ይውለቅ። ትራሱ ስም ተጽፎበት ከዕቃው ጋር ይቀመጥ።

ከኦፐሬሽኑ በኋላ

የአልጋው ራስ ከፍ ይበል፤ 30 ዲግሪ ወይም ከዚያ በላይ። የማይነሳ አልጋ ከሆነ ትራሶችና የታጠፈ ብርድ ልብስ ከጀርባ ይደረደር፤ ከአንገት ሥር ብቻ ሳይሆን ከወገብ ጀምሮ። ተንሸራቶ ወደ ታች ከወረደ አስተካክሉት። ይህን በቀን አሥር ጊዜ ልታደርጉት ትችላላችሁ፤ ሥራው ያ ነው።

ሕመም። አባቶቻችን ሕመም መቻልን እንደ ጀግንነት ይቆጥሩታል። «ደህና ነኝ» ይላሉ፤ ትንፋሻቸው ግን ግማሽ ነው። ስለዚህ «ያምዎታል?» ብላችሁ አትጠይቁ። «እስኪ አንድ ጊዜ በጥልቀት ይተንፍሱ፤ አሁን ያስሉ» በሏቸው። ካልቻሉ ማስታገሻው አልበቃም፤ ነርሷን ጥሩ። መድኃኒቱ ሕመሙ ጣራ ሲነካ ሳይሆን በሰዓቱ፣ በየተራው ይሰጥ። ከመነሳታቸው ግማሽ ሰዓት በፊት ቢወስዱት መልካም ነው። በተቃራኒው ደግሞ፣ እንደ ሞርፊን ያለ ጠንካራ መድኃኒት ወስዶ ስትጠሩት በቀላሉ የማይነቃ፣ በደቂቃ ከ10 በታች የሚተነፍስ ሰው ካያችሁ ያንኑ ሰከንድ ጩኹ።

መነሳት። ሐኪሙ ከፈቀደ በዚያው ማታ ወይም በማግስቱ ጠዋት አልጋ ጫፍ ላይ ይቀመጣል። በማግስቱ ወንበር ላይ፤ ከዚያ መራመድ። ቦስተን ሜዲካል ሴንተር የሚባለው የአሜሪካ ሆስፒታል የሳንባ ችግርን ለመቀነስ ያወጣው፣ በ2013 እ.ኤ.አ. የታተመው አሠራር ቀላል ነገሮችን የያዘ ነው፦ መተንፈስ፣ ማሳል፣ አፍ ማጽዳት፣ ታካሚውንና ቤተሰቡን ማስተማር፣ በቀን ቢያንስ ሦስት ጊዜ ከአልጋ መውረድ፣ የአልጋውን ራስ ከፍ ማድረግ። ከእኛ አገር ክፍል ጋር የሚያለያየው ነገር የለም። ሁሉም ያለ መብራት ይሠራል።

አነሳሱ እንዲህ ነው። መጀመሪያ ጉልበት ይታጠፍ፤ ወደ ጎን ይዙር፤ እግሮቹን ከአልጋው አውርዶ በክርኑ እየገፋ ይነሳ። እጁን ይዛችሁ አትጎትቱት፤ የሆድ ስፌት የሚያመው ያኔ ነው። ቁጭ ብሎ ሁለት ደቂቃ ይቆይ፤ ዓይኑን እዩ፤ ካዞረው መልሱት። ግሉኮሱን አንድ ሰው ይያዝ። የሽንት ከረጢቱ ከሆዱ በታች ይሁን። የደረት ቱቦ ካለው ጠርሙሱ ሁልጊዜ ከደረቱ በታች፣ ቀጥ ብሎ ይያዝ። ከፍ አታድርጉት፣ አታጋድሙት፣ ቱቦውንም ቆልፋችሁ አትያዙ። ከተነቀለ ሩጡ፤ ነርስ ጥሩ።

ከዚያ አምስት እርምጃ። ማታ አሥር። በማግስቱ እስከ ኮሪደሩ ጫፍ።

ምግብ። እዚህ ጋ ልብ በሉልኝ። ፍቅራችንን የምንገልጸው በጉርሻ ነው። ሊጠይቅ የመጣ ሁሉ አጥሚት፣ ሾርባ፣ ጭማቂ ይዞ ይመጣል፤ «እስኪ ለእኔ ስትል» ብሎ በማንኪያ ያስጠጋል። ታካሚው ግማሽ ተኝቷል፣ ዓይኑ ይከደናል፣ እምቢ ማለት ያፍራል። ያ አጥሚት ሳንባ ውስጥ ይገባል። ሐኪሙ «ይጀምር» እስኪል ምንም፣ ጠብታም ቢሆን አይሰጠው። ሲፈቀድ ደግሞ ሙሉ በሙሉ ነቅቶ፣ ቀጥ ብሎ ተቀምጦ፣ ራሱ እየያዘ፣ በትንሽ በትንሹ ይጠጣ። ከዚያም 30 ደቂቃ ሳይተኛ ይቆይ። ሲጠጣ የሚያስለው፣ ድምፁ የጎረነነ ወይም ከጠጣ በኋላ ውሃ እንደያዘ ጉሮሮ የሚንቦጫረቅ ከሆነ ወዲያው አቁሙና ተናገሩ። የምግብ ቧንቧ ኦፐሬሽን ላይ የድምፅ ነርቭ ሊጎዳ ይችላል፤ ያኔ ጉሮሮ በደንብ አይዘጋም።

የማይበላ ሰውም አፉ ይጸዳ። «ምንም አልበላ፣ ምን ያቆሽሸዋል?» አይባልም። ምራቅ ሲደርቅ ጀርሙ ይበረታል። በቀን ሁለት ጊዜ ለስላሳ ብሩሽ፤ በመሃል እርጥብ ጋዝ።

እግር። ካንሰርና ትልቅ ኦፐሬሽን ሲገናኙ ደም እግር ውስጥ ይረጋል። የረጋው ተነቅሎ ሳንባ ሲደርስ በደቂቃ ሰው ሊገድል ይችላል። አልጋ ላይ ሳለ የእግሩን ጣቶች ወደ ራሱ፣ ከዚያ ወደ ታች፤ በየሰዓቱ 10 ጊዜ፣ ከትንፋሹ ልምምድ ጋር። በሐኪም የታዘዘ የደም ማቅጠኛ መርፌ፣ ኢኖክሳፓሪን ወይም ሄፓሪን፣ አይዘለል። አንደኛው ባቱ ካበጠና ካመመው በፍጹም አትሹት። ቅባት ቀብቶ ማሸት የእኛ ልማድ ነው፤ እዚህ ላይ ግን የረጋውን ደም ሊነቅለው ይችላል።

ጠያቂ ሁለት ሁለት ይግባ። ጉንፋን የያዘው በስልክ ይጠይቅ። እጁን ታጥቦ ይግባ። መስኮት ትንሽ ይከፈት፤ ምች የሚያመጣው ነፋሱ አይደለም። ጠያቂ ደግሞ ሥራ ስጡት፦ «ና እስኪ፣ አሥሩን ትንፋሽ ቁጠርለት»። ዝም ብሎ ከንፈር ከመምጠጥ ይሻላል።

ነርስ ወይም ሐኪም የሚጠራው መቼ ነው?

እስኪብስ አትጠብቁ። የደረቱን ከፍታና ዝቅታ ሙሉ አንድ ደቂቃ ቁጠሩ። ከ24 በላይ ከሆነ ተናገሩ። ኦክስጅኑ ከወረቀቱ ላይ ካለው ቁጥር ከ3 ወይም 4 በላይ ከወረደ፣ ትኩሳት 38 ከደረሰ፣ አክታው ቢጫ፣ አረንጓዴ ወይም ደም የቀላቀለ ከሆነ፣ አንድ ጎን ሲተነፍስ የሚወጋው ከሆነ ተናገሩ። ትንፋሽ በድንገት ካጠረ ወይም ከንፈር ከጠቆረ አትቁጠሩ፤ ሮጣችሁ ጥሩ።

በዕድሜ የገፉት ላይ የመጀመሪያው ምልክት ትኩሳት ላይሆን ይችላል። መቀባዠር ነው። ትናንት ቀልድ ሲያወሩ የነበሩ አባት ዛሬ የልጃቸውን ስም ከጠፋባቸው፣ ቱቦ መንቀል ከጀመሩ፣ «ድካም ነው» ብላችሁ አትለፉት። «ትናንት እንዲህ አልነበሩም» በሉ። እኔ ይህን ዓረፍተ ነገር ከአስታማሚ ስሰማ ሥራዬን ጥዬ ነው የምሄደው።

ቤት ከገባችሁ በኋላ

ልምምዱ ቢያንስ ሁለት ሳምንት ይቀጥል፤ በቀን አራት አምስት ዙር። እርምጃው በየቀኑ ይጨምር። ለሆድ ካንሰር ትልቅ ኦፐሬሽን የደም ማቅጠኛው ብዙ ጊዜ እስከ 28 ቀን ይታዘዛል፤ «ዳንኩ» ተብሎ በመሃል አይቆምም። መርፌውን ሰፈር ጤና ጣቢያ ሊወጉላችሁ እንደሚችሉ ከመውጣታችሁ በፊት ጠይቁ።

የምግብ ቧንቧ ኦፐሬሽን የተደረገለት ሰው ከእንግዲህ ዘርጋ ብሎ መተኛት የለበትም። ጨጓራውን የሚዘጋው በር ስለተወገደ ተኝቶ ሳለ አሲዱና ምግቡ ወደ ላይ ይመጣል። ከፍ ባለ አልጋ ይተኛ። ከመተኛቱ በፊት ባሉት 2 ወይም 3 ሰዓታት አይብላ። ጋሼ እስካሁን አልጋቸው ሥር በራስጌው በኩል ሁለት ብሎኬት አለ።

ወደ ክፍለ ሀገር የምትመለሱ ከሆነ ደግሞ መንገዱን አስቡበት። ለአሰላ ከ170 ኪሎ ሜትር በላይ ቁጭ ብሎ መሄድ ነው። ከፊት ወንበር ይቀመጥ። ቀበቶው ሲታሰር ትራሱ ቁስሉና ቀበቶው መሃል ይግባ። መንገዱ ሲያነጥር ይቀፈው። እግሩን በየሰዓቱ ያንቀሳቅስ። አዳማ ስትደርሱ ሹፌሩን አስቁሙት፤ ይውረድ፣ አሥር ደቂቃ ይራመድ፣ አንድ ዙር ይተንፍስ፤ ከዚያ ወደ አሰላ ቀጥሉ።